ሙዳዩ ከነወሬው፦ በአንዲት ክፍል የአካባቢ ታሪክና የሥዕል ኤግዚቢሽን እንዴት እናዘጋጅ?

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት በነጠላቸው ጠቅልለው ሙዳይ አመጡልን። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሊሄዱ ሲሉ "እማማ፣ ማን ሰፋው?" አልናቸው። "እናቴ ናት፣ ለሰርጌ።" "ቀዩን አለላ ማን መረጠው?" ስንላቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት አወሩ። እናታቸው አክርማውን ከየት እንዳስመጡ፣ ማታ ማታ በኩራዝ እንዴት እንደሚሰፉ፣ ወስፌው ጣታቸውን ሲወጋቸው ምን ይሉ እንደነበር ነገሩን።

ከዚያ በፊት ባዘጋጀነው ኤግዚቢሽን ሰባት ሙዳይ በአንድ ረድፍ ደርድረን ከሥራቸው "የስፌት ሥራ" ብለን ጽፈን ነበር። ሰው አየት አድርጎ አለፈ። የእማማን ሙዳይ ግን ከነወሬው ስናቀርበው ሰው ቆሞ አነበበ፤ አንዳንዱ እናቱን ይዞ ተመልሶ መጣ። ዕቃ ብቻውን ከመጣ ግማሹ እቤት ቀርቷል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ግማሽ እንዴት ይዘን እንደምንመጣ ነው።

መመሪያው ወሎ ውስጥ አንድ ክፍል፣ ጥቂት በጎ ፈቃደኞችና ትንሽ ገንዘብ ላላቸው ነው። ክፍሉ የወረዳ ሙዚየም ሊሆን ይችላል፤ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ወይም የቀበሌ አዳራሽም ይበቃል። ከመነሻው እስከ መክፈቻው ሦስት ወር ያዙለት።

1. ርዕሱን አጥብቡ

"የወሎ ታሪክ" ብላችሁ አትጀምሩ። ወሎ ሰፊ ነው። መቅደላ አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። ላሊበላ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመበት ውጫሌ አለ። ደሴ ላይ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አለ። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የዚሁ አገር ስም ነው። ይህን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ብታጭቁት ጎብኚው ምንም ሳይዝ ይወጣል።

መልሱ በከተማችሁ ሰዎች እጅ ያለ አንድ ጥያቄ ምረጡ። "ሙሽራ ከእናቷ ቤት ምን ይዛ ትወጣ ነበር?" "ባና ከበግ ጀርባ እስከ ሰው ትከሻ እንዴት ይደርሳል?" "አያቶቻችን ፊደል የቆጠሩት የት ነው?" እኔ የመጀመሪያውን እወደዋለሁ። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ቤት መልስ አለው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው። የመጨረሻውም ግሩም ነው፤ የቄስ ትምህርት ቤቱን ፊደል ገበታና የቁርኣን ቤቱን ለውህ (የእንጨት ሰሌዳ) ጎን ለጎን ያስቀምጥላችኋል።

የመማሪያ ክፍል ለሚያህል ቤት ከ25 እስከ 30 ዕቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ካመጣችሁ መጋዘን ይመስላል።

2. ፈቃድ

የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ በደብዳቤ አሳውቁ። ስለ ቅርስ ጥናትና ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው፤ ኮፒውን ጠይቃችሁ አንብቡት። ዕድሜ ጠገብ ብራና ወይም የነገሥታት ዘመን ዕቃ ካገኛችሁ በራሳችሁ አትወስኑ፤ ባለሙያ ጥሩ።

የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ከቅጥሩ እንዲወጣ አትጠይቁ። የመስጊድ ወይም የሐድራ ቤት (ዱዓና መንዙማ የሚደረግበት ቤት) ኪታብም፣ ማለትም መጽሐፍም፣ እንደዚሁ። አሳዳሪዎቹ ከፈቀዱ እዚያው ፎቶ አንሱና ፎቶውን አሳዩ። ወሎ ውስጥ አማርኛ በዐረብ ፊደል የተጻፈበት የዓጀም መንዙማ አለ። የአንዱን ገጽ ፎቶ በትልቁ አሳትማችሁ፣ ከጎኑ ንባቡን በግዕዝ ፊደል ብታስቀምጡ ለብዙ ወጣት አዲስ ነገር ነው።

3. ቤት ለቤት መሄድ

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንዱ ያውራ፣ አንዱ ይጻፍ። ከመካከላችሁ አንዱ የሠፈሩ ልጅ ይሁን። የማይታወቅ ሰው ደብተር ይዞ ሲመጣ ግብር ሰብሳቢ ሊመስል ይችላል።

በመጀመሪያው ቀን ዕቃ ይዛችሁ አትውጡ። ቡና ከተፈላ ጠጡ። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ የእናንተ ነው፤ ዋናው ወሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሁለተኛው ላይ ነው። ለምን እንደመጣችሁ፣ ዕቃው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ መቼ እንደሚመለስ ተናገሩ። "ተመካከሩበት፣ በሳምንት እንመለሳለን" ብላችሁ ውጡ።

ያ ሳምንት ምክንያት አለው። አንድ ጊዜ ከአንድ ቤት የድሮ ፎቶ ወሰድን። የሰጡን ታናሽ ወንድም ነበሩ። ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ታላቅ እህታቸው መጥተው "የአባቴን ፎቶ ማን ሰጣችሁ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ቤተሰቡን አስታርቀን ፎቶውን በፈቃዳቸው አስቀረነው እንጂ ጥፋቱ የእኛ ነበር። የቤት ዕቃ ብዙ ባለቤት አለው። ከመውሰዳችሁ በፊት "ሌላ የሚጠየቅ ሰው አለ?" በሉ።

ስትወስዱ ደረሰኝ ጻፉ። ያለ ደረሰኝ መርፌም አትውሰዱ። ሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለእናንተ። እነዚህ ይግቡበት፦

የዕቃው ስም በአካባቢው አጠራር። የተሠራበት ነገር። ቁመትና ስፋት በሴንቲሜትር። ያለበት ጉዳት፦ "ክዳኑ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ስንጥቅ"። የባለቤቱ ስምና ስልክ። የተወሰደበትና የሚመለስበት ቀን። ስሜ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚለው ምርጫ። የሁለታችሁም ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ሰው ፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።

እዚያው በረንዳ ላይ ዕቃውን ከፊት፣ ከኋላና ከሥር ፎቶ አንሱት። ጎኑ ማስመሪያ አስቀምጡ። ያለበት ጉዳት በቅርብ ይታይ። በኋላ "ይሄ ስንጥቅ አልነበረውም" የሚል ነገር ከመጣ ሁለታችሁንም የሚያድናችሁ ይህ ፎቶ ነው።

ከዚያ ቁጥር ስጡት። ቀላሉ ዘዴ ዓመቱን፣ የሰጪውን ተራና የዕቃውን ተራ ማያያዝ ነው። 2017.4.2 ማለት በ2017 ዓ.ም. አራተኛው ሰጪ ካመጡት ሁለተኛው ዕቃ ነው። ቁጥሩን በነጭ የጥጥ ክር በታሰረች ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉ። በእስክርቢቶ አትጻፉ፣ ይፈስሳል። ዕቃው ላይ በቀጥታ አትጻፉ፣ ፕላስተርም አትለጥፉ።

4. ወሬውን መቅዳት

የስልክ መቅጃ ይበቃል። መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፤ ፈቃዱ ራሱ ቅጂው ላይ ይሰማ። ስልኩን የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉት፣ መሐል ላይ እንዳይጮኽ። በር ላይ ዶሮና ሕፃን ይኖራል፤ ግድ የለም፣ ስልኩን ወደ ተናጋሪው አስጠጉት።

"ስለዚህ ዕቃ ንገሩን" አትበሉ። ሰው ምን እንደሚል ይጠፋዋል። እንዲህ ብትሉ ይሻላል፦ "መጀመሪያ ያዩት የት ቤት ነው?" "እቤት ውስጥ የት ይቀመጥ ነበር?" "ልጆች ይነኩት ነበር?" "ቢሰበር ማን ይጠግነው ነበር?" እጅ የሚያስነሳ ጥያቄ ጠይቁ። ሸማኔውን "መወርወሪያውን እንዴት ነው የሚይዙት?" ብትሉት እጁን አንሥቶ ያሳያችኋል፣ ወሬው ተከትሎ ይመጣል። ዝም ሲሉ ዝም በሉ። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው፤ ዝምታውን ለመሙላት ስንቸኩል የሚመጣውን እናቋርጣለን።

ቀን ሲጠፋቸው በክስተት ጠይቁ። "ከጣሊያን በፊት ነው በኋላ?" "ከስልሳ ስድስቱ ረሃብ በፊት ነው?" "በሰባ ሰባቱ ረሃብ ይህ ዕቃ ነበረ?" አባታቸው ሰገሌ ጦርነት የዘመቱ ካሉ ዓመቱ 1909 ዓ.ም. ነው። ደሴ በጣሊያን አውሮፕላን ስትደበደብ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር፤ ከአያቶቻቸው የሰሙት ሰዎች ዛሬም ያወሩታል።

በወሎ ዕቃዎች ላይ ሦስት ዓይነት የቀን አቆጣጠር ታገኛላችሁ። አንዱ የእኛው ነው። ኪታብና የሐድራ ቤት ደብዳቤ ላይ ያለው ሒጅራ ነው። ጣሊያኖች ያነሱት ፎቶ ጀርባ ላይ ደግሞ የፈረንጅ ዓመት አለ፤ ከጎኑም አንዳንዴ የፋሽስት ዘመን ቁጥር በሮማ አኃዝ ይጻፋል። አሥራ አራት የሚል ካያችሁ ከጥቅምት 1928 እስከ ጥቅምት 1929 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። ሒጅራን ግን አንድ ቁጥር ደምራችሁ ወደ ዓ.ም. አትቀይሩ። የጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ልዩነቱ ራሱ እየጠበበ ይሄዳል። ሒጅራ 1300 የገባው በኅዳር 1875 ዓ.ም. ነው፤ ልዩነቱ 575 ነበር። በእኛ ዘመን ወደ 570 ወርዷል። በስልክ መቀየሪያ አስሉት፣ የመጀመሪያውንም ቀን እንዳለ ጻፉት።

የተቀዳውን በዚያው ሳምንት ወደ ወረቀት ገልብጡ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለዚህ ነው።

5. አያያዝና ጽዳት

ዋናው ደንብ አጭር ነው፦ አታጽዱት። ድሪና አምባር በአመድ ወይም በሎሚ አይታሽም፣ እያሹ ጌጡ ይጠፋል። ስፌት በውኃ አይነካም። የቆዳ ማኅደር ቅቤ አይቀባም። የጢስ ጥቁረት የታሪኩ አካል ነው። አቧራ ብቻ በለስላሳ ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች።

ብራና በንጹሕና በደረቀ እጅ ይያዛል። የጨርቅ ጓንት ጣትን ያደነዝዛል፣ ቅጠሉም ይቀደዳል። ለብረት፣ ለብርና ለፎቶ ግን ዱቄት የሌለው የሕክምና ጓንት አድርጉ፤ የእጅ ላብ ምልክት ይተዋል። ሙዳይ በክዳኑ፣ ጀበና በጆሮው፣ እንስራ በአንገቱ አይነሣም። ሁልጊዜ አንድ እጅ ከሥር።

ነቀዝና ብል ትልቁ ጠላት ነው። ባናም ሆነ ስፌት ሲመጣ በቀጥታ ከሌላው ጋር አትቀላቅሉት። ከሥሩ ትንሽ ዱቄት የሚራገፍ ከሆነ ተበልቷል። በወፍራም ፕላስቲክ አየር አስወጥታችሁ እሰሩት፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ለሁለት ሳምንት አስቀምጡት። የሠፈር ሥጋ ቤት ይተባበራል። ስታወጡት ፕላስቲኩን ሳትፈቱ ሙሉ ቀን ይቆይ፣ አለበለዚያ ላብ ይይዘዋል። ብራና፣ ሥዕልና ፎቶ በዚህ መንገድ አይታከሙም።

6. ክፍሉን ማዘጋጀት

ፀሐይ ቀለም ትበላለች፤ የተበላ ቀለም ደግሞ አይመለስም። አለላ፣ ጥልፍ፣ ወረቀትና ፎቶ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) በላይ ብርሃን አይፈልጉም። ለዘይት ቀለም ሥዕል እስከ 200 ይፈቀዳል። ሸክላና ብረት አይጎዱም። ስልክ ላይ የሚጫነው የብርሃን መለኪያ በግምት ይረዳል። መስኮቱን በሁለት ድርብ አቡጀዲ ጋርዱት። ሸክላውን መስኮት አጠገብ፣ ጨርቁን ጥግ አድርጉ።

ከተቻለ ኤግዚቢሽኑን በክረምት አታድርጉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግድግዳው ያልበዋል፣ ብራና ይጨማደዳል፣ ሻጋታ ይይዛል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ነው፤ እህሉም ስለገባ ሰው ጊዜ አለው።

ሥዕልና ፎቶ ስትሰቅሉ የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ይዋል። ተማሪዎች የሚበዙ ከሆነ 140 አድርጉት። ሚስማሩ የት ይመታ? የሥዕሉን ቁመት ግማሽ ከ150 ጋር ደምሩ፣ ከዚያ ሽቦው ተወጥሮ ከላይኛው ጠርዝ የሚርቀውን ቀንሱ። ሥዕሉ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ሽቦው ከጠርዙ 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 150 ሲደመር 30 ሲቀነስ 8፣ ሚስማሩ 172 ላይ ነው። የጭቃ ግድግዳ ሚስማር አይዝም። አግድም ጣውላ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ምቱና ከሱ በሽቦ አንጠልጥሉ። ከሥዕሉ ጀርባ በአራቱ ማዕዘን ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ለጥፉ፣ አየር ይለፍ።

ጌጣጌጥና ትንንሽ ዕቃ መስታወት ውስጥ፣ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ። መብራት ይጠፋልና በባትሪ የሚሠራ መብራት ተዘጋጅቶ ይቆይ። ሻማና ኩራዝ በፍጹም። ዕጣኑም ቡናውም ከበር ውጭ።

7. የዕቃው ጽሑፍ

ከ60 ቃል አይብለጥ። የፊደሉ መጠን ከ24 ነጥብ (ፖይንት) አይነስ፤ አዛውንት ያለ መነጽር ያንብቡት። መጀመሪያ የዕቃው ስም፣ ቀጥሎ የተሠራበት፣ ቀጥሎ ዘመኑ ወይም የተሠራበት አጋጣሚ፣ ከዚያ የባለቤቱ ድምፅ። የእማማ ሙዳይ ላይ የጻፍነው ይህን ይመስላል፦

"ሙዳይ። አክርማ፣ ስንደዶና ቀይ አለላ። እናት ለልጃቸው ሰርግ የሰፉት። ልጅየዋ ቀለሙን መርጣለች፣ ክዳኑን ግን እናት በራሳቸው ምርጫ ጨረሱት። 'ለክዳኑ አኮረፍኳት። አሁን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው' ይላሉ የሙዳዩ ባለቤት።"

"ጥንታዊ"፣ "ድንቅ"፣ "ብርቅዬ" የሚሉትን ቃላት አውጡ። ምንም አይነግሩም። በከሚሴ በኩል ከሆናችሁ ጽሑፉን በአፋን ኦሮሞም አድርጉ። ከማተማችሁ በፊት ለባለቤቱ አንብቡለት፤ ከአሥሩ ሦስቱን ያርማል።

8. ሥዕሉ ከታሪኩ ጋር

የከተማው ወጣት ሠዓሊዎች ሥራ በተለየ ግድግዳ ተለይቶ ባይሰቀል እመርጣለሁ። ከመክፈቻው ሁለት ወር በፊት ሰብስቡዋቸውና ዕቃዎቹን አሳዩዋቸው፣ ወሬውን አሰሙዋቸው። "ከዚህ አንዱን ይዘህ ሥራ" በሏቸው። አንድ ልጅ የባና ሸማኔውን እጆች ብቻ ሣለ፤ ከባናው ጎን ሰቀልነው። ሰው መጀመሪያ እጆቹን፣ ከዚያ ባናውን ዳበሳ በሚመስል ዓይን ያይ ነበር።

ለሠዓሊም ደረሰኝ ይጻፋል። ሥዕሉ ይሸጣል ወይስ አይሸጥም፣ ከተሸጠ ገንዘቡ ለማን፣ ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል ወይ፣ ይህ ሁሉ በጽሑፍ። ያልደረቀ የዘይት ቀለም አትቀበሉ።

9. የሚያም ታሪክ

ወሎ ላይ ስልሳ ስድስትና ሰባ ሰባት የሌሉበት የቤተሰብ ታሪክ ጥቂት ነው። የቅርቡ ጦርነትም አለ። አትዝለሉት፣ ግን የተራቡ ሰዎችን ፎቶ ግድግዳ ላይ አትስቀሉ። እነዚያ ሰዎች እናት፣ ወንድም ናቸው፤ ልጆቻቸው እዚያው ክፍል ውስጥ ቆመው ይሆናል። አንዲት ባዶ ጎታና የባለቤቷ ቃል ይበቃል። ማውራት አለማውራቱ የባለታሪኩ ምርጫ ነው። ጀምሮ ካቆመ "አብሽሩ፣ ይብቃን" በሉና መቅጃውን ዝጉ።

10. መዝገቡን ሁለት ቦታ አስቀምጡ

በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ውስጥ የነበረው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፏል፣ ተጎድቷል። ከዚያም በፊት፣ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች የዘረፉት የመቅደላ ንብረት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወርዷል፤ ደላንታ ሜዳ ላይም በጨረታ ተሽጧል። ከዚያ የሄደው ዛሬም ይጠየቃል። የእናንተ ሙዳይ ደላንታ አይደርስ ይሆናል፣ ግን እሳትም ጎርፍም ሌባም አለ። ደረሰኙን፣ ፎቶውንና ቅጂውን በፍላሽ ገልብጡ። አንዱ ሙዚየሙ ውስጥ፣ አንዱ በሌላ ከተማ በሚኖር ታማኝ ሰው እጅ ይሁን። በወር አንዴ አድሱት።

11. መክፈቻና መመለስ

በገበያ ቀን ክፈቱ። ባቲ ከሆናችሁ ሰኞ ነው። ገበያተኛው ሸቀጡን ሸጦ ሲመለስ ይገባል። መግቢያ ነፃ ይሁን። ንግግር አታብዙ፤ ዕቃ ያዋሱትን ሰዎች ግን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጡ፣ ሪባኑንም እነሱ ይቁረጡ። በየጥጉ አንድ ተማሪ አስጎብኚ ይቁም፤ ጽሑፉን አያንብብ፣ የሰማውን ያውራ። የጎብኚ መዝገብ ላይ "ተመሳሳይ ዕቃ ቤትዎ አለ?" የሚል መስመር ጨምሩ። የሚቀጥለው ኤግዚቢሽናችሁ ከዚያ ይወጣል።

ሲዘጋ ዕቃውን በተባለው ቀን መልሱ፣ ከተቻለ አንድ ቀን ቀድማችሁ። "መጥታችሁ ውሰዱ" አይባልም፤ ራሳችሁ ውሰዱላቸው። በደረሰኙና በፎቶው ላይ አንድ በአንድ አመሳክሩ፣ አስፈርሙ፣ ፈርሙ። ዕቃው በኤግዚቢሽኑ ላይ እንዴት እንደነበረ የሚያሳይ አንድ ፎቶ አሳትማችሁ፣ ከተቀዳው ወሬ ጋር በፍላሽ አድርጋችሁ ስጧቸው። እማማ ሙዳዩን ሲረከቡ ክዳኑን ከፍተው ውስጡን አዩ። ከዚያ ፎቶውን አጣጥፈው ውስጡ አስቀመጡትና ዘጉት።